የማይረጋው ዘይት

ጠዋት ጠዋት በመዛኙ በበቀለ ሚዛን ላይ መጀመሪያ የሚወጣው ሰው አይደለም፤ ብረት ነው። ልክ ሃያ ኪሎ የሆነ፣ እጀታው በብዙ እጅ የለሰለሰ ብረት። በምድር ባቡር ዕቃ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት መዛኝ ሆኖ ሲሠራ ትልቁን ሚዛን የሚፈትሽበት ነበር። አሮጌው ባቡር የቆመ ጊዜ ሌላው ሠራተኛ ወንበርና ጠረጴዛ ሲመኝ እሱ ይህንን ብረት ለመነና ሰጡት። ከዚያ ወዲህ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር፣ የሰው ሚዛን ዘርግቶ ይቀመጣል። ብረቱን ያወጣል፤ ቀስቷ ሃያ ላይ ስትቆም ጎንበስ ብሎ ያያል፤ ቀጥሎ ራሱ ይወጣና ቁጥሩን ደብተሩ ላይ ይጽፋል። የሰፈሩ ሰው የሚመዘነው ከዚያ በኋላ ነው። «የበቀለ ሚዛን አይዋሽም» ይላሉ።

መስከረም መጨረሻ ላይ የራሱ ቁጥር ስልሳ ሁለት ነበር። አሁን፣ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ፣ ሃምሳ አምስት ነው።

«በቄ፣ አንተም ሻዩን ጀመርክ እንዴ?» ይሉታል የሚያውቁት ሲያልፉ። እየቀለዱ ነው። እሱም ፈገግ ይላል። ሚስቱ የኔነሽ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ድስት እንዳልተጣደ የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው።

ሻዩ የማርቲ ነው። ማርቲ ከመንገዱ ማዶ፣ ከሚዛኑ ፊት ለፊት፣ ቅባትና ሽቶ የምትሸጥበት ትንሽ ሱቅ አላት። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ውፍረት ይቀንሳል የተባለ የፓኬት ሻይም ታመጣለች። የሱቁ መስታወት ላይ አንድ ትልቅ ወረቀት ለጥፋለች፤ ወረቀቱ ላይ ሁለት የኔነሾች አሉ። በግራ ያለችው ፊቷ የሞላ፣ አፏን ከፍታ የምትስቅ የኔነሽ ናት፤ ከሥሯ «በፊት» ይላል። በቀኝ ያለችው ቀጠን ብላ፣ አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋለች፤ «በኋላ» ይላል። ከሥር ደግሞ፣ «በበቀለ ሚዛን ዘጠኝ ኪሎ!»

የኔነሽ ስትሞት ማርቲ ወረቀቱን ልታነሳው ነበር። በቀለ ነው «ተዪው» ያላት። ቤት ያሉት ፎቶዎች የድሮ ናቸው፤ የቅርቧ የኔነሽ ያለችው እዚያ መስታወት ላይ ብቻ ነው። ጠዋት ሚዛኑን ፈትሾ ቀና ሲል ያያታል። ማርቲ የሱቁን ቆርቆሮ መዝጊያ እስክታወርድ ድረስ ሁለቱም ከማዶ ያዩታል።

ነገሩ የጀመረው ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ነበር። የኔነሽ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ እያጠራት ጤና ጣቢያ ወሰዳት። ዶክተሩ ከደጋ የመጣ ወጣት ነው። «እርስዎ ስንት ዓመትዎ ነው?» ሲላት የኔነሽ ከኋላዋ ሌላ ሰው የገባ መስሏት ዞር አለች። ድሬ ላይ ተወልዳ አድጋ እርስዎ ብሏት የሚያውቅ ሰው የለም። ወጥተው ባጃጅ ውስጥ ስትገባ እንኳ በዚህ እየሳቀች ነበር።

ዶክተሩ ግን አልሳቀም። የደም ምርመራውን ወረቀት ይዞ፣ ኮሌስትሮሏ ከፍ ማለቱን ነገራት። «ይሄ የሆድ ስብ አይደለም፤ በዓይን አይታይም። ደም ስር ውስጥ ቀስ እያለ የሚለጠፍ ነው። ቀጭን ሰውም ሊኖርበት ይችላል። ቅቤ ይቀንሱ፤ የሚረጋውን ዘይት ይተዉ። ይህችን ኪኒን ደግሞ ማታ ማታ አንዳንድ።»

ቤት እንደደረሱ የኔነሽ ማድ ቤት ገብታ ቢጫውን ጀሪካን አወጣችና ለበቀለ ዘንበል አድርጋ አሳየችው። ዘይቱ ከግራ ወደ ቀኝ እንደ ውሃ ፈሰሰ።

«የታለ የረጋው?» አለች።

«የኛ አይረጋም» አለ በቀለ።

«ዶክተሩ የደብረ ብርሃን ሰዎችን ነው መሰለኝ የሚያክመው።»

ሁለቱም ከልባቸው አመኑ። በድሬ ሙቀት ሻማ እንኳ ወገቡን ቀጥ አድርጎ አይውልም፤ ዘይት በምን አቅሙ ይረጋል? እንዲያውም የሰኔ ጾም ሲገባ፣ ቅቤው ስለቀረ፣ የኔነሽ ለሽሮውም ለምስሩም ከዚያው ጀሪካን ጨመር ታደርግ ነበር። የጾም ምግብ ነው፤ ምን ያደርጋል ብላ።

ሻዩን የጀመረችው በዚያው ሰሞን ነው። ማርቲ አላጭበረበረቻትም፤ ራሷም ትጠጣው ነበር፤ ታምንበትም ነበር። የኔነሽ ጠዋት አንድ ኩባያ ትጠጣና ግማሹን ቀን ሽንት ቤት ስትመላለስ ትውላለች። «ዛሬ ባቡሩ ስንት ጊዜ ሄደ?» ይላታል በቀለ። «አዲስ አበባ ደርሶ መልስ» ትላለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ጥላው ትመጣና ጫማዋን አውልቃ ሚዛኑ ላይ ትወጣለች። ሰማንያ ስምንት የነበረችው ፍልሰታ ሲፈታ ሰባ ዘጠኝ ገባች። የዚያን ቀን ማርቲ እየሮጠች መንገዱን ተሻግራ ፎቶ አነሳቻት።

ኪኒኑ ግን አልተመቻትም። እግሬን ያመኛል ትል ነበር። አንድ ቀን ምሳ እየበሉ፣ «ልተወው ወይስ ዶክተሩን ልጠይቀው?» አለችው። በቀለ እጁን ከትሪው ሳያነሳ መለሰላት።

«ዘጠኝ ኪሎ ወርደሻል። ስቡ ከወረደ ኪኒኑ ምን ሊያወርድ ነው?»

በቃ ይኸው ነው። ሌላ አልተናገረም። የኔነሽ በሠላሳ ስድስት ዓመት ትዳር ውስጥ በኪሎ ነገር ተከራክራው አታውቅም። ከዚያ ቀን ወዲህ ኪኒኑን አልነካችውም።

ጥቅምት በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ያጠበችውን አንሶላ ገመድ ላይ ስታሰጣ «ደረቴን» አለች። ሰው ሮጦ ሲደርስ አንሶላውን ይዛ ወድቃለች። ድንኳኑ ውስጥ ለመጣ ለሄደው ሁሉ በቀለ አንድ ቃል ብቻ ተናገረ፤ «ድንገት ነው።» እውነትም መስሎት ነበር። እውነት እንዲሆንለትም ይፈልግ ነበር።

ከለቅሶው በኋላ ሰው በየቤቱ ሲገባ አንዲት ሴት ግን መምጣቷን አልተወችም። ዳሃቦ የመጋላ ሰፈር ሴት ናት፤ ታይዋን ገበያ ልብስ ትሸጣለች። ከየኔነሽ ጋር ጡት ከተጣቡ እህቶች ይልቅ ይቀራረቡ ነበር። የአንዷ በዓል ያለ ሌላዋ አያልፍም። አሁን በሳምንት ሦስቴ ምሳ ሰዓት ላይ በባጃጅ ከች ትላለች፤ በቀለ ሊበላው የሚችለውን የምስር ሳምቡሳ በላስቲክ ሳህን ይዛ። ከጎኑ በርጩማ ላይ ትቀመጥና አብራው ትበላለች። ስለ የኔነሽ ያወራሉ፤ አንዳንዴም ያለቅሳሉ። ዳሃቦ በማትመጣባቸው ቀናት በቀለ ከማንም ጋር አይበላም፤ ብዙውን ጊዜም አይበላም።

ታኅሣሥ ውስጥ ድሬ ላይም ቢሆን የማለዳው ነፋስ ይቀዘቅዛል። የዚያን ዓመት ደግሞ ባሰበት። አንድ ጠዋት በቀለ ረሃብ ቀሰቀሰውና ሽሮ ልሥራ ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ማድ ቤት ገባ። ሽንኩርት ከተፈ። የየኔነሽ ጀሪካን ሲሚንቶው ላይ፣ እሷ ያስቀመጠችበት ቦታ ነበር። አንስቶ ድስቱ ላይ አዘነበለው። ምንም አልወረደም። ባዶ መሰለውና ነቀነቀው፤ ከባድ ነው። ክዳኑን ከፍቶ ወደ ብርሃኑ ቢያዞረው ዘይቱ ነጭ ሆኗል፤ ሻማ መስሏል። ጣቱን ሲያስገባ ጣቱ ቆሞ ቀረ።

ሽንኩርቱን ትቶ የኔነሽ ተቀምጣ በምታበስልበት መቀመጫ ላይ ተቀመጠ። ፀሐይዋ በበሩ ገብታ ጀሪካኑ ላይ እስክታርፍ ድረስ ከዚያ አልተነሳም። ቀስ በቀስ፣ ከዳር ጀምሮ፣ ዘይቱ መልሶ ውሃ ሆነ። ምንም እንዳልተፈጠረ ሆነ።

ያን ዕለት ሚዛኑን አልዘረጋም። ከቁም ሳጥኑ ውስጥ ያልተነኩትን የኪኒን ስትሪፖች አወጣና ጤና ጣቢያ ሄደ። ዶክተሩ የኔነሽን አስታወሳት።

«ብትወስደው ኖሮ ትተርፍ ነበር?» አለው በቀለ።

ዶክተሩ ስትሪፖቹን አገላበጠ። «አባቴ፣ ትተርፍ ነበር ብዬ ልምልልዎ አልችልም። ሊረዳት ይችል ነበር፤ ይህን ያህል ነው የማውቀው። እግሯን ካመማት ደግሞ በሌላ መቀየር ይቻል ነበር። መጥታ ብትጠይቀኝ ኖሮ።»

«እኔን ጠየቀችኝ» አለ በቀለ። «ሚዛኑ እኮ ወርዶ ነበር።»

«ሚዛን ኮሌስትሮል አያሳይም። ሻዩ ነው ያወረደው የሚለውስ በምን ታወቀ? ሻዩን ሳይጠጣ እንደሷ የጾመ ሰው ስንት ወረደ?»

በቀለ ስትሪፖቹን ሰብስቦ ተነሳ። ቤቱ ገብቶ ደብተሩን ገለጠ። እዚያ ውስጥ ያለው ቀን፣ ስምና ቁጥር ብቻ ነው። የኔነሽ፣ ፋሲካ፣ ሰማንያ ስምንት፤ የኔነሽ፣ ፍልሰታ፣ ሰባ ዘጠኝ። በየቀኑ ደግሞ ከሁሉም በላይ የራሱ ስም አለ። ከአንድ ድስት የበላ፣ አብሯት የጾመ፣ ሻዩን ግን ቀምሶት የማያውቅ ሰው። ፋሲካ፣ ስልሳ ስምንት፤ ፍልሰታ፣ ስልሳ ሁለት። ወደ ኋላ ገለጠ። ካች አምና፣ ሻዩ ድሬ ከመግባቱ በፊት፣ የኔነሽ ከፋሲካ እስከ ፍልሰታ ስድስት ኪሎ ወርዳ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አምስት። በየዓመቱ በገዛ እጁ ጽፎታል። ሚዛኑን በየማለዳው በብረት ይፈትሽ ነበር፤ ሻዩን ግን በምንም አልፈተሸውም።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ዳሃቦ መጣች። ገና ከባጃጁ ሳትወርድ ነው የጀመረችው።

«በቄ! ዛሬ እኔንም ጻፈኝ!»

«ምን ብዬ?»

«‹ዳሃቦ፣ በፊት› ብለህ። ከዒድ በኋላ ደግሞ መስታወት ላይ ትሰቀላለች በለኝ።» ሳህኑን በርጩማው ላይ አስቀምጣ ከቦርሳዋ የማርቲን ሻይ አወጣች። «ረመዳን ሳይገባ ልጀምረው። ማርቲ ‹መጀመሪያ በቀለ ጋ ተመዘኚ› አለችኝ። ለኔም ያዘዙልኝን የኮሌስትሮል ኪኒንማ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ተውኩት፣ ወላሂ። የኔነሽስ ትታው አልነበር? እንዴት እንዳማረባት!»

በቀለ ወደ ማዶ ተመለከተ። የኔነሽ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ታየዋለች። ዝም ቢል ዳሃቦ ነገም ትመጣለች፤ ሳምቡሳው ይመጣል፤ ወረቀቱም መስታወቱ ላይ ይቆያል። ቢናገር ግን ከዛፉ ሥር ከብረቱ ጋር ብቻውን እንደሚቀር ያውቃል።

«ጫማሽን አውልቀሽ ውጪ» አላት።

ወጣች። ሰማንያ አራት። ጻፈው።

«አሁን ውረጂና ይሄን ጠጪ።» ከሥሩ ሁለት ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ አወጣ።

«አቦ፣ አልጠማኝም!»

«ጠጪ ብዬሻለሁ።»

እየሳቀች አንዱን ጨረሰች፤ ሁለተኛውን እያጉረመረመች ጨረሰች። መልሶ አወጣት። ሰማንያ አምስት።

«በአምስት ደቂቃ አንድ ኪሎ አወፈርኩሽ» አለ።

«ዋ! ውሃ ነዋ በቄ! ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣና መልሰህ መዝነኝ!»

«እሱን ነው የምልሽ። ሻዩም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ቀሪውን ያወረደው ጾሙ ነው።» ደብተሩን ዘርግቶ በጣቱ አሳያት፤ የሷን ቁጥር፣ የራሱን ቁጥር፣ የካች አምናውን ቁጥር። «ሻዩን ሳልጠጣ እኔ ስድስት ወርጃለሁ። አንቺም ረመዳንን ልትጾሚ ነው። ጾመሽ የቀነስሽውን ማርቲ ለሻዩ ትሰጠዋለች፤ እኔም እጽፍላታለሁ።»

ዳሃቦ ቁጥሮቹን ስታይ ቆየች። ሳቋ ከፊቷ ላይ ገና አልጠፋም ነበር። «ይሁን፤ በምንም ይሁን በምን ቀንሳለች አይደል?»

«ቀንሳለች።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ሞተች፣ ዳሃቦ።»

መንገዱ ላይ አንድ ባጃጅ እየጮኸ አለፈ። እስኪያልፍ ጠበቀ።

«ኪኒኑን ያስተዋት ሻዩ አይደለም። ማርቲም አይደለችም። እኔ ነኝ። ልተወው ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ ስቡ ወርዷል፣ ምን ያደርግልሻል አልኳት። ዶክተሩ ብትወስደው ትተርፍ ነበር ብሎ አይምልም። እኔም አልምልም። ግን ያልኳት እኔ ነኝ። አንቺ ኪኒንሽን ውሰጂ። ከደበረሽም ሐኪሙን ጠይቂ እንጂ እኔን እንዳትጠይቂ፤ ሚዛኔንም እንዳትጠይቂ።»

ዳሃቦ ጫማዋን ማድረግ ጀመረች። ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ ሳተችው።

«ድንኳን ውስጥ ‹ድንገት ነው› አልከኝ» አለች።

«አዎ።»

«ሁለት ወር ሙሉ ሳምቡሳ ይዤልህ መጣሁ። ሁለት ወር ሙሉ ‹ድንገት ነው› እያልክ አብረኸኝ አለቀስክ። እህቴን እኮ ነው፣ በቀለ።» በቄ አላለችውም።

የሻዩን ፓኬት ሚዛኑ ላይ ጣል አድርጋ ሄደች። ቀስቷ አልተነቃነቀችም። ሳህኑ በርጩማው ላይ ቀረ።

በማግስቱ አልመጣችም። በሦስተኛው ቀንም አልመጣችም። ገናም አለፈ። ወትሮ ለገና ከሁሉም ቀድማ «እንኳን አደረሳችሁ» የምትለው እሷ ነበረች። በቀለ ሳህኑን አጥቦ፣ አድርቆ፣ በየቀኑ ይዞት ይመጣል፤ በየቀኑ ይዞት ይመለሳል።

ከገና በኋላ በሦስተኛው ቀን ዳሃቦ ከባጃጅ ወርዳ በቀጥታ ወደ ማዶ፣ ወደ ማርቲ ሱቅ ገባች። ጩኸቷ እስከ ጥላው ድረስ ይሰማል፤ ግማሹ በሶማልኛ፣ ግማሹ በአማርኛ ነው። ከዚያ ወጥታ መንገዱን ተሻገረች። ሰላም ሳትለው ጫማዋን አወለቀችና ሚዛኑ ላይ ወጣች።

«ስንት ነው?»

«ሰማንያ አራት ተኩል።»

«ጻፈው።» ወረደች። «ኪኒኑን መልሼ ጀምሬያለሁ። ትናንት ለምርመራ ደም ሰጥቻለሁ፤ ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ ይታያል ብለውኛል። ይህን ልነግርህ ነው የመጣሁት።»

«ደግ አደረግሽ። ሳህንሽ ይኸው።»

ሳህኑን ተቀበለችው። ውስጡን አየችው፤ ጥርት ብሎ ታጥቧል።  «በል ደህና ዋል» ብላ ብቻ ሄደች። ባጃጁ እስኪታጠፍ ድረስ አያት፤ እሷ ግን አልዞረችም።

አመሻሹ ላይ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ማርቲ ራሷ መጣች። የተጠቀለለ ወረቀት ይዛለች። ዓይኖቿ ቀልተዋል።

«ዳሃቦ የተናገረችው እውነት ነው?»

«ኪኒኑን ተዪ ያልኳት እኔ ነኝ። አንቺ አላልሻትም።»

«አላልኳትም። ግን ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ ብዬም አልጠየቅኳትም።» ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አደረገችው። «ሻዩን ከመደርደሪያው አውርጃለሁ። እሷን ደግሞ አንተ ውሰዳት። መልሼ ልሰቅላት አልችልም።»

ቤት ገብቶ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፤ እየተጠቀለለ አስቸገረው። ብረቱን አንስቶ አንዱን ዳር አስያዘው፤ በሌላው ዳር ጀሪካኑን አቆመ። ሁለቱ የኔነሾች ጎን ለጎን ተጋድመው ቀና ብለው አዩት። በቀኝ ያለችውን፣ ሦስት ወር ሙሉ ከማዶ ሲያያት የኖረውን፣ ብዙ አላያትም። በግራ ያለችውን፣ አፏን ከፍታ የምትስቀውን ግን መብራት እስኪበራ ድረስ አጠገቧ ተቀምጦ አያት።

ጠዋት ብረቱን ከወረቀቱ ላይ አንስቶ ወጣ። ጥላው ሥር ሚዛኑን ዘረጋ። ብረቱን አስቀመጠ፤ ሃያ። ቀና ሲል ማዶ ባዶ መስታወት ነው፤ ወረቀቱ የነበረበት ቦታ ከሌላው ይልቅ ንጹሕ ሆኖ በአራት ማዕዘን ይታያል።

ራሱ ወጣ። ሃምሳ አራት። ደብተሩን ከፈተና ቀኑን፣ ስሙን፣ ቁጥሩን ጻፈ። ከዚያ ከቁጥሩ ጎን ቀጥ ያለ መስመር አሰመረ፤ ከራስጌው «ምክንያት» ብሎ ጻፈ። በሠላሳ አንድ ዓመት የባቡር ሥራም ሆነ ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ መስመር ኖሮት አያውቅም። እስክሪብቶውን ይዞ ረዘም ላለ ጊዜ አሰበ። ሰው መጥቶ ሊመዘን ጫማውን እያወለቀ ነበር።

«በቄ፣ መዝነኝ እንጂ!»

«ቆይ አንዴ» አለና ጻፈ፤ «ብቻዬን ነው የምበላው።»